መሪው የሚያድረው ባሕር ዳርቻ ነው

ከጎንደር ወደ መተማ በአውቶቡስ የወረደ ሰው ሁሉ ሳያስበው አንድ ሙከራ ሠርቷል። አዘዞ ላይ ግማሹን ጠጥቶ አጥብቆ የከደነው ሃይላንድ ገንዳ ውሃ ሲደርስ ጎኑ ተሰርጉዶ ይገኛል፤ የረገጠው ሰው ግን የለም። ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል። መተማ ዮሐንስ ላይ የከደነው ጠርሙስ አይከልን ሲያልፍ ተወጥሮ ከበሮ ያክላል፤ ክዳኑን ሲያላሉት ይተነፍሳል። መተማ ከባሕር ጠለል በላይ 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጎንደር ደግሞ 2,133 ሜትር ላይ። በዚያ ወደ 180 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ መንገድ ላይ ወደ ላይ ሲወጡ የአየሩ ግፊት አንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ጠርሙሱ ለዓይናችን ያሳየን ይህንን ነው። ገላችንም ያውቀዋል፤ ጤነኛ ሰው ከጆሮው መደፈን በቀር ስለማይሰማው ብቻ ነው ልብ የማንለው።

ሲሊንደር ተሸክሞ ባሕር ስለ መጥለቅና ጠላቂው አንጓው ላይ ስለሚያስረው ኮምፒውተር ልከራከር ስነሣ ከጠርሙስ የጀመርኩት ለዚህ ነው። መሣሪያው የእጅ ሰዓት ይመስላል። ጥልቀትንና ጊዜን ይለካል፤ ከዚያ ተነሥቶ በጠላቂው ገላ ውስጥ ምን ያህል ናይትሮጂን እንደተጠራቀመ ያሰላል፤ ስንት ደቂቃ እንደቀረውና መቼ መውጣት እንዳለበት ይነግረዋል። ጅቡቲ፣ ዛንዚባር ወይም ሁርጋዳ ሄደው መጥለቅ የጀመሩ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ትንሽ ቢሆንም፣ የመጀመሪያ ኮምፒውተር ስለ መግዛት ሲነሣ የሚሰጡት መልስ አንድ ዓይነት ነው። «እኛ ባሕር የለንም፤ በዓመት አንዴ ለምትጠልቀው ምን አስጨነቀህ? ተከራይ፤ አለዚያም የሚያጠልቅህን መሪ ተከተል። የተረፈህ ገንዘብ ካለ ደግሞ እስከ መጨረሻው የማትቀይረውን ውዱን ግዛ።» አስተማሪዎችም ይህንኑ ሲሉ ሰምቻለሁ። ምክሩ የዋህና ቆጣቢ ይመስላል። እኔ ግን ከሥሩ የተሳሳተ ነው እላለሁ። የራሱ ኮምፒውተር ከማንም በላይ የሚያስፈልገው የደጋው ሰው ነው፤ ሲመርጥም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስለ ባሕሩ ሳይሆን ስለ ተራራው ነው።

«ባሕር የለንም» ከሚለው ልነሣ። ቋንቋችን ራሱ አይቀበለውም። በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለናታል። ከጎንደር ወደ መተማ ስንወርድ ጭልጋ ውስጥ የምናልፋት ከተማ ነጋዴ ባሕር ትባላለች። ይህን እንደ ቃላት ጨዋታ ለሚያየው ሰው ታሪክ ልጨምርለት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የእስራኤል የስለላ ድርጅት ሞሳድ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን የሚገኘውን አሩስ የተባለ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ተከራይቶ እውነተኛ የመጥለቂያ መንደር አድርጎ ከፈተው። ቀን ቀን የአውሮፓ ቱሪስቶች ሲሊንደር ተሸክመው ኮራል ሊያዩ ይጠልቃሉ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከጎንደር መንደሮች ተነሥተው፣ የምዕራቡን ቆላ በእግራቸው አቋርጠው ገዳሪፍ አካባቢ ካምፕ የገቡ ቤተ እስራኤላውያን በጭነት መኪና ወደዚያው የባሕር ዳርቻ እየተወሰዱ በጀልባ ይሻገሩ ነበር። ይህን የጉዞ ሰንሰለት ካስጀመሩት ሰዎች ዋነኛው የትግራይ ተወላጁ ፈረደ አክሉም ነበር። በዚያ ጉዞና በካምፖቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል። የመተማ ቆላ ከቀይ ባሕር ጋር የተገናኘው እንዲህ ባለ መንገድም ነው። ስለዚህ ከጎንደር የመጣ ሰው ስለ መጥለቅ ሲያወራ «ምን አገባህ?» ሲሉት መስማት ያመኛል።

ከዚህም የሚበልጥ መልስ አለ። ዛሬ በብዙዎቹ የመጥለቂያ ኮምፒውተሮች ውስጥ የሚሠራው ስሌት የተወለደው ባሕር በሌላት አገር ነው። አልበርት ቡልማን የዙሪክ ሐኪምና ተመራማሪ ነበር። ስሌቱ ዜድ ኤች ኤል 16 ይባላል፤ ዜድ ኤች የተባሉት ፊደሎች ዙሪክን ያመለክታሉ። ስዊዘርላንድ እንደ እኛው በሌሎች አገሮች የተከበበች፣ ተራራና ሐይቅ የሞላባት ምድር ናት። ጠላቂዎቿ የሚጠልቁት ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ሐይቅ ውስጥ ነው፤ ከጠለቁ በኋላም ተራራ አቋርጠው ወደ ቤታቸው ይነዳሉ። በባሕር ኃይሎች ሠንጠረዥ ይህን ማስላት ስላልተቻለ ቡልማን ከፍታን ከመነሻው ስሌቱ ውስጥ አስገባ። የስዊዙ ኡዋቴክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያወጣው አላዲን የተባለው ኮምፒውተር በዓለም ላሉ ጠላቂዎች የተዳረሰው ከዚህ ሥራ ተነሥቶ ነው። እነሱ «ባሕር የለንም» ብለው ቢቀመጡ ኖሮ የባሕር ዳርቻ ሰዎች ዛሬ አንጓቸው ላይ የሚያስሩትን ባላገኙ ነበር።

ስሌቱ ምን እንደሚል ላስረዳ፤ ክርክሬ የቆመው እዚህ ላይ ነውና። ሰው ከውኃ ሥር ሲተነፍስ ከአየሩ ውስጥ ያለው ናይትሮጂን በግፊቱ ልክ ደሙና ሥጋው ውስጥ ይሟሟል። ወደ ላይ ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ መውጣት ይጀምራል። በዝግታ ከወጣ በሳንባ በኩል ይወገዳል፤ በጥድፊያ ከወጣ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ ሽባ እስከ ማድረግም ይደርሳል። በደቂቃ ከ9 እስከ 10 ሜትር አትለፍ፣ 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቁም የሚባለው ለዚህ ነው። የቡልማን ስሌት ገላን በ16 ክፍሎች ከፍሎ ያያል። ፈጣኑ ክፍል የያዘውን ትርፍ ናይትሮጂን በአራት ደቂቃ በግማሽ ይቀንሳል፤ ዘገምተኛው ግን ለግማሹ ብቻ 635 ደቂቃ፣ ማለትም ከአሥር ሰዓት በላይ ይፈልጋል። አንድ ሌሊት ተኝቶ መነሣት ለዚህኛው ክፍል ገና ግማሽ መንገድ ነው።

እንግዲህ ጠላቂው ከውኃ ወጣ፤ ደረቀ፤ ምሳውን በላ። መሪው ጀልባውን አስሮ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ቤቱ ከባሕሩ ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ቢሆን ነው። ለእሱ መውጣቱ አልቋል። ለእኔ ግን አላለቀም። ከውኃው ሥር እስከ ጀልባው ከወጣሁ በኋላ ከጀልባው እስከ ጎንደር 2,133 ሜትር ይቀረኛል። የባሕር ጠለል ግፊት 1 ባር ቢሆን ጎንደር ላይ የሚቀረው 0.78 አካባቢ ነው። መጥለቁ የሚያበቃው ቤቴ ስገባ ነው። መሪህን ተከተል የሚለው ምክር የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው፤ መሪው ይህን የመጨረሻ መውጣት አብሮኝ አይወጣምና።

ዳን የተባለው የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው። ያለ ማረፊያ ግዴታ አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለቀናት ደጋግሞ የጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይቆይ፤ በመውጫው ላይ የግዴታ ማረፊያ የነበረው ደግሞ ከዚያም ብዙ ይጨምር ይላል። መመሪያው የሚመለከተው ከ600 እስከ 2,400 ሜትር የሚደርስ የአውሮፕላን ውስጥ ከፍታን ነው። ቁጥሮቹን ካገራችን ጋር እናስተያያቸው። መተማ፣ ቆላ ነች የምንላት መተማ፣ የታችኛውን ድንበር አልፋለች። ጎንደርም አዲስ አበባም ወደ ላይኛው ድንበር ተጠግተው የተቀመጡ ናቸው። ለአንድ ፈረንሳዊ ጠላቂ አደጋው አውሮፕላኑ ውስጥ ያለበት ጥቂት ሰዓት ነው፤ ሲያርፍ ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳል፣ ግፊቱም ይመለስለታል። ለእኛ ግን በጅቡቲና በቦሌ መካከል ያለው አንድ ሰዓት ገደማ በረራ መጀመሪያው ብቻ ነው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ከአውሮፕላኑ ብንወርድም ከከፍታው አንወርድም፤ እዚያው እናድራለን፣ እንሠራለን፣ ደረጃ እንወጣለን። መመሪያው የተመሠረተባቸው ሙከራዎች አራት ሰዓት የሚፈጅ በረራን የሚያስመስሉ ነበሩ። እንግዲህ የደጋ ሰው ከተጻፈው ሰዓት ቢጨምር እንጂ ሊቀንስ አይገባውም።

የራሴን ልናገር። ጅቡቲ ውስጥ ለሦስት ቀን ጠለቅሁ። የመጨረሻውን ቀን ከሰዓት በኋላ ከውኃ ወጥቼ የተከራየሁትን ኮምፒውተር መለስኩ። የሱቁ ሰው «ነገ ጠዋት መብረር ትችላለህ፤ ሌሊት በመካከሉ አለ» አለኝ። አሥራ አምስት ሰዓት ሳይሞላኝ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ በዚያው ቀን ጎንደር ገባሁ። ማታውን ግራ ትከሻዬ ውስጡን ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ጉልበቴ ከዳኝ። ቤተሰቤ ያለው ገንዳ ውሃ ነውና በማግስቱ ስወርድ እናቴ ፊቴን አይታ «ወባ ነው» አለች። ጤና ጣቢያ ሄጄ ደሜ ታየ፤ ወባ የለም ተባለ። ጠልቀህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አፍሬ አልተናገርኩም። ሕመሙ በሁለት ቀን ለቀቀኝ። ክርክሬን በዚህ በአንድ ትከሻ ላይ አላቆምም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ያ ቁጥር ነው፦ ምን ያህል ናይትሮጂን ይዤ እንደተነሣሁ የሚያውቀው መሣሪያ ጅቡቲ ቀርቶ በሌላ ሰው እጅ ላይ ታስሮ ነበር።

በኪራይ ኮምፒውተር ላይ ያለኝ ተቃውሞም ይኸው ነው። ለባሕር ዳርቻው ሰው ኮምፒውተሩ ከውኃ ሲወጣ ሥራው ያለቀ ሊመስለው ይችላል። ለእኛ በጣም የሚያስፈልገን ሰዓት የሚጀምረው ግን ሱቁ «መልስ» ካለን በኋላ ነው። የኪራዩ መሣሪያ ሌላም ችግር አለው። ጠዋት ሌላ ሰው ጠልቆበት ከሆነ የሚያሰላው የዚያን ሰው ገላ ጨምሮ ነው፤ ከሰዓት ሌላ መሣሪያ ከተሰጠኝ ደግሞ የጠዋቱን መጥለቄን አያውቅም። ኮምፒውተር የግል ነገር ነው፤ ትናንት ምን እንዳደረግሁ የሚያስታውስ መሆን አለበት። ቀሚስ መከራየት ይቻላል፤ የራስን ትናንት ግን ከማን ይከራዩታል?

በጎንደርና በመተማ መካከል ያለው የሕክምና ልማድ አንድ ጥሩ ነገር ያስተምረናል። በሰሊጥ አጨዳ ሰሞን ከደጋ የሚወርዱት ሳሉጎች የሚባሉ ሠራተኞች ትኩሳት ይዘው ሲመለሱ፣ የደጋ ሐኪም ገና ሳይነካቸው «ቆላ ወርደህ ነበር?» ይላል። ይህ አንድ ጥያቄ ብዙ ሰው አድኗል። ድካምና የመገጣጠሚያ ሕመም በቆላ ሁሉ ወባ፣ በደጋ ሁሉ ብርድ ተብሎ በሚታለፍበት አገር «ባሕር ጠልቀህ ነበር?» የሚል ሰው እስኪመጣ ድረስ ጠላቂው ራሱ መናገር አለበት። ሲናገር ደግሞ ስንት ሜትር፣ ስንት ደቂቃ፣ ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ የሚለውን ከኮምፒውተሩ ላይ ገልጦ ማሳየት መቻል አለበት። የራስ መሣሪያ ያለው ሰው ማስረጃው አንጓው ላይ ነው።

ወደ ምርጫው ልምጣ። ውዱን ግዛ የሚሉት ሰዎች የሚያሳዩን ባለ ቀለም ስክሪን፣ የሲሊንደሩን አየር በሬዲዮ የሚያነብ፣ ኮምፓስ ያለው፣ ዋጋው ከ1,000 ዶላር የሚያልፍ ነው። ገና 18 ሜትር ድረስ ብቻ እንዲጠልቅ ለተፈቀደለት ጀማሪ ይህ ሁሉ ምን ይሠራለታል? የሲሊንደሩን ግፊት ተራው ጌጅ ይነግረዋል። በሦስት መቶ ዶላር አካባቢ የሚገኘው ተራ መሣሪያ ጥልቀት፣ ጊዜና የቀረ ደቂቃ በትልልቅ ቁጥር ያሳያል፤ ኦክስጅን የተጨመረበትን አየር የሚያሰላም በዚሁ ዋጋ አለ። በዋጋው ልዩነት ሁለት ተጨማሪ ቀን ጅቡቲ ይቆይበት፤ አንዱን ቀን ይጥለቅበት፣ ሌላውን ሳይጠልቅ ይረፍበት። ለደጋ ሰው ከስክሪን ቀለም ይልቅ ያ የዕረፍት ቀን ይበልጣል።

ሻጩ የማይነግረው ከፍታን የሚመለከተው ነገር ነው። አንዳንዱ ኮምፒውተር ያለበትን የአየር ግፊት ራሱ ለክቶ ስሌቱን ያስተካክላል። አንዳንዱ ግን ባለቤቱ በእጁ እንዲሞላለት ይጠብቃል። ለምሳሌ የፊንላንዱ ሱንቶ ዙፕ ኖቮ ሦስት ደረጃ አለው፦ ከባሕር ጠለል እስከ 300 ሜትር፣ ከ300 እስከ 1,500 ሜትር፣ ከ1,500 እስከ 3,000 ሜትር። ጅቡቲ ጠልቆ የመጣ ሰው በመጀመሪያው ደረጃ እንዳለ ትቶት ባቦጋያ ወይም ላንጋኖ ቢገባ፣ መሣሪያው ባሕር ጠለል ላይ እንዳለ አድርጎ ያሰላለታል፤ ከሚገባው በላይ ደቂቃም ይፈቅድለታል። ጣና ጥልቅ አይደለም፤ ቢበዛ 14 ወይም 15 ሜትር ነው፤ ውኃው ደፍራሳ፣ ጉማሬ ያለበት ስለሆነ መዝናኛ ብዬ ማንንም አልጋብዝበትም። ስሌቱ ግን ያስተምራል። በዚያ ከፍታ 14 ሜትር የጠለቀ ሰው፣ ለገላው ስሌት ባሕር ላይ 17 ሜትር እንደጠለቀ ይቆጠራል። በስዊዘርላንድ ይህን የማያውቅ ጠላቂ ማግኘት ይከብዳል። በእኛ አገር ኮምፒውተሩን ከሳጥኑ አውጥቶ ያለ መመሪያ የሚጠቀም ጓደኛ አለኝ፤ ስንጨቃጨቅ «ራሱ ያውቃል» ይለኛል። የእሱ መሣሪያ ራሱ ከሚያውቁት ወገን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር የአውሮፕላኗ ምልክት ናት። ብዙ ኮምፒውተሮች ከጠለቁ በኋላ ትንሽ አውሮፕላን ያሳያሉ፤ እስክትጠፋ አትብረር ማለታቸው ነው። አንዳንዱ ዝም ብሎ 24 ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል። ሱንቶ ከ12 ሰዓት ሳያንስ ገላው ናይትሮጂኑን እስኪጨርስ ያሰላል። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ሥዕሏ ግን ታሳስታለች። ሰው አውሮፕላን ስላልተሳፈረ ነፃ የሆነ ይመስለዋል። ከጅቡቲ በመኪና ወጥቶ አዲስ አበባ የሚያድር ሰውም ወደዚያው ከፍታ እየወጣ ነው፤ ዳገት ለገላ በረራ ነው። የደጋ ሰው ያችን አውሮፕላን ሲያይ አውቶቡስም፣ ባቡርም፣ የሊማሊሞ ጠመዝማዛም ብሎ ያንብባት።

ከዚህ የቀረው አጭር ነው። ጥንቃቄውን ባለቤቱ ከፍ ሊያደርገው የሚችል ይሁን። የካናዳው ሺርወተር ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ጥንቃቄ ብሎ ያስመርጣል፤ በርካሾቹም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ የእኛ ሰው ከፍተኛውን ይምረጥ። ባትሪው ከሰዓት ሠሪ የሚገኝ፣ በእጅ የሚቀየር ክብ ባትሪ ይሁን፤ መብራት በሚቆራረጥበት፣ መሣሪያውን የሚጠግን ወኪል በሌለበት ቆላ፣ ወደ ውጭ አገር ካልተላከ የማይከፈት መሣሪያ መግዛት ገንዘብ መቅበር ነው።

ከማከብራቸው ሰዎች የሚመጣው ጠንካራ መከራከሪያ የገንዘቡ ነው። በዓመት ሦስት ቀን ለሚሠራ ዕቃ 300 ዶላር፣ ያውም የውጭ ምንዛሪ፣ ብዙ ነው ይላሉ። ብዙ ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ጉዞው፣ ሆቴሉና ጀልባው ከዚያ በላይ አስወጥቶታል። ደግሞስ በዓመት ሦስት ቀን የሚጠልቅ ሰው ነው ይበልጥ የሚሳሳተው፤ በየቀኑ የሚጠልቀው በልምድ የሚያውቀውን እሱ በየዓመቱ ይረሳል። ገንዘቡ ካልበቃው ሌላ መፍትሔ አለው፦ አንድ ቀን አሳንሶ ይጥለቅ። በመሣሪያው ላይ ግን አይቆጥብ።

የድሮዎቹ ነጋዴዎች ከሱዳን ሲመጡ መተማ ያድሩ ነበር፤ ከዚያ ገንዳ ውሃ፣ ነጋዴ ባሕር፣ አይከል እያሉ በየማረፊያው ከፍታውን ይለምዱት ነበር። የጠላቂ አወጣጥ እንደዚሁ በደረጃ ነው። ከፖርት ሱዳን በየብስ ለሚመለስ ሰው የመንገዱ ርዝመት ራሱ ይጠብቀው ነበር። ሱዳን ውስጥ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከፈነዳ ወዲህ በዚያ መንገድ ወደ መተማ የሚመጣው ነፍሱን ለማዳን የሚሸሽ ሕዝብ ነው፤ ስለ መዝናናት ማውራትም ይከብዳል። ዛሬ ለእኛ የቀረው ቅርብ መንገድ የጅቡቲው ነው፤ እሱ ደግሞ አጭር ነው፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ። መንገዱ የሚሰጠን ማረፊያ ከሌለ ማረፊያውን ራሳችን መቁጠር አለብን።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ የመጀመሪያ ኮምፒውተርዎን ሊገዙ ሱቅ ሲገቡ ስለ ስክሪኑ ከመጠየቅዎ በፊት ለሻጩ እንዲህ ይበሉት፦ «እኔ የምኖረው ጎንደር ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,133 ሜትር ላይ። ጠልቄ ወደ ቤቴ ስወጣ ይህ መሣሪያ ምን ይነግረኛል? ከፍታውን ራሱ ያውቃል ወይስ እኔ ልንገረው?» መመሪያውን ገልጦ ገጹን ካላሳየዎት ገንዘብዎን ይዘው ይውጡ።